ሁለት ባትሪ የበላችው ሞተር፦ የተጨማሪ ዕቃዎች የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ብልሽቱ እንግዳ ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍሉ በየጋራዡ የሚታይ ነው። የሚያስተምረው አደራረቡ ነው። ከገበያ ተገዝተው የተገጠሙ ሦስት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ጉድለት ነበረባቸው። ባትሪውን በተመለከተ አንዱም ብቻውን ሞተሯን አያቆማትም ነበር። ተደምረው ግን ሁለት ባትሪ አስቀየሩ። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ከባትሪ ጣጣ እጅግ የከፋ አደጋ ደብቆ ነበር። የባለሞተሩንም የሻጮቹንም ስም አላነሳም።

መነሻው

ሞተሯ 150 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ነዳጇ በኢንጀክሽን የሚገባ ናት። በእግር ማስነሻ የላትም። ስለዚህ ባትሪዋ ከደከመ ሁሉም ነገር ይቆማል። ሞተሪኖው አይዞርም፣ የነዳጅ ፓምፑም አይሠራም። ባትሪው 12 ቮልት፣ 6 አምፔር-ሰዓት ነው። የመኪና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ40 አምፔር-ሰዓት በላይ ይይዛል። መኪና ላይ ማንም ልብ የማይለው ትንሽ የኮረንቲ ፍሳሽ ሞተር ላይ ቶሎ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ባለሞተሩ ዕቃ በማድረስ ሥራ ይተዳደራል። ቀኑን ሙሉ በመኪና መሃል እየተሹለከለከ፣ እየቆመ እየተነሳ ነው የሚውለው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገር ጨመረ። መጀመሪያ መሪው ላይ የሚታሰር የዩኤስቢ ቻርጀር፤ ካርታ የሚያየው በስልኩ ስለሆነ። ቀጥሎ ለማታ ሥራ ሁለት የኤልኢዲ ፓውዛ። በመጨረሻ ደግሞ የሚታጠፍና ርቀቱ የሚስተካከል የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ፤ ሞተሯ ብትወድቅ እንዳይሰበርበት ብሎ። ሦስቱም ሞተሯን ከሠራው ኩባንያ የመጡ አይደሉም። ለብዙ ዓይነት ሞተር ይሆናሉ እየተባሉ የሚሸጡ ናቸው።

እኔ ተጨማሪ ዕቃ መግጠምን አልቃወምም። በስልኩ ካርታ የሚሠራ ሰው ቻርጀር ያስፈልገዋል፤ ማታ የሚነዳም ብርሃን ያስፈልገዋል። ፍላጎቱ ትክክል ነበር። ችግሩ በዕቃዎቹ ጥራትና በአገጣጠማቸው ላይ ነው።

ችግሩ እንዴት ታየ

ባለሞተሩ ሲመጣ የነገረኝ ሦስት ነገር ነበር። ጠዋት፣ በተለይ ከእሑድ ቀጥሎ ባለው ጠዋት፣ ሞተሯ አትነሳም። መንገድ ሲዘጋጋና ቀስ ብሎ ሲሄድ መብራቷ ይደክማል። አልፎ አልፎ ደግሞ ድንገት ዳሽቦርዱም ክላክሱም ድርግም ይላል፤ ከፍቶ ሲያየው ፊውዝ ተቃጥሏል። አዲስ ፊውዝ ሲያስገባ ለጥቂት ቀናት ምንም አይሆንም።

በመሃል አንድ ነገር እንደ ዋዛ ጣል አደረገ። "ሰሞኑን ደግሞ ትንሽ ከብዷታል፣ ነዳጅም ትጠጣለች" አለ። ያቺን ቃል ማስታወሻዬ ላይ ከሌሎቹ ለይቼ ጻፍኳት። ኋላ እንደታየው ከሁሉም አሳሳቢዋ እሷ ነበረች።

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ባትሪው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ሬጉሌተርም ተቀይሯል። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ሞተሯ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ትሆናለች፣ ከዚያ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ይህ መሻል ነው ሁሉንም ያሳሳተው። አዲስ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ስለሚመጣ ጉድለቱን ለጥቂት ሳምንት ይሸፍናል። ሰው ደግሞ "ባትሪው ነበር" ብሎ ያምናል።

"ሦስተኛ ባትሪ ልግዛ ወይስ ልሽጣት?" ነበር ጥያቄው። ሁለቱንም አታድርግ፣ መጀመሪያ እንለካ አልኩት።

ምርመራው

ካቻቢቴ ከመያዜ በፊት ቁጭ ብለን ታሪኩን በወረቀት አሰፈርን። የትኛው ዕቃ መቼ ተገጠመ? የትኛው ችግር መቼ ጀመረ? ጠዋት አልነሳም ማለቷ የመጣው ቻርጀሩ ከተገጠመ በኋላ ነው፤ የተባባሰው ግን ከፓውዛው ወዲህ ነው። ፊውዝ መቃጠል የጀመረውም ከፓውዛው ወዲህ ነው። "ከበዳት" የሚለው ደግሞ ከእጀታው በኋላ መጣ። ገና ምንም ሳንፈታ ግማሹ መንገድ ተጠርጓል።

ቀጥለን ባትሪውን ለካን። ሌሊቱን ቆማ ያደረች ሞተር ላይ 12.1 ቮልት አነበበ። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ ከ12.6 እስከ 12.8 ስለሚያሳይ፣ ይህ ከግማሽ በታች የወረደ ነው። ከሞተሯ አውጥተን በባትሪ ቻርጀር ሞላነው፣ አሳረፍነው፤ 12.7 ሆነ። መልሰን ገጥመን ሞተሪኖውን ስናስዞር ቮልቱ ከ10 በታች አልወረደም። ባትሪው ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ከዚያ አሞላሉን አየን። ሞተሯ ተነስታ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጣት)፣ ፓውዛው ጠፍቶ፣ 13.2 ቮልት። ጋዝ ሲሰጣት 14.2። ለባለ 12 ቮልት ሞተር ደህና ነው። ፓውዛው ሲበራ ግን ሚኒሞ ላይ 12.3 ወረደ። እዚህ ላይ ዲናሞው የሚያመነጨው ከሚበላው አንሷል፤ ጉድለቱን ባትሪው ከጓዳው እያወጣ ይሸፍናል። ባለሞተሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሚኒሞና በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚውለው፤ ፓውዛውንም ቀንም ማታም አያጠፋውም።

አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። የፓውዛው ካርቶን እያንዳንዱ 60 ዋት ነው ይላል። በቴስተር ስንለካው አንዱ 1.4 አምፔር ገደማ ነው የሚወስደው፤ ወደ 18 ዋት ነው። ሁለቱ ተደምረው 36። ይህ ብቻውን ቮልቱን እንዲህ አያወርደውም። ሌላ የሚበላ ነገር መኖር አለበት። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው ከሰዓታት በኋላ፣ መብራት በማየት ነው፤ እመለስበታለሁ።

የሌሊቱ ፍሳሽ

ቁልፉ ተዘግቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታንና ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው መሃል አስገባን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በ10 አምፔር ቀዳዳ ይጀመራል፤ ትንሽ መሆኑ ከታየ በኋላ ነው ወደ ሚሊአምፔር የሚወረደው። በዚያ መሃል ቁልፍ የከፈተ ሰው የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል።

42 ሚሊአምፔር አነበበ። የዳሽቦርዱ ሰዓት ብቻ ላለባት እንዲህ ያለች ሞተር የሚጠበቀው ጥቂት ሚሊአምፔር ነው። ቻርጀሩን ስንነቅለው ወደ 2 ወረደ። 40ው የቻርጀሩ ነበር፤ ስልክ ሳይሰካበት፣ ቁልፍ ሳይከፈት። ምክንያቱም የተገጠመው በቀጥታ ከባትሪው ነው። ባለሞተሩ ያየው ነገር ቢኖር ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ መብራት ነው። የምትበላው እሷ ብትሆን ኖሮ ጥቂት ሚሊአምፔር በሆነ ነበር። አብዛኛውን የሚወስደው በውስጡ ያለው ቮልት አውራጅ ሰርኪዩት ነው።

ሒሳቡን እንየው። 40 ሚሊአምፔር በ12 ሰዓት ሌሊት ወደ ግማሽ አምፔር-ሰዓት ይጠጋል። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ስትቆም 1.4 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የባትሪው ሩብ ማለት ነው። ባትሪው ሙሉ ቢሆን ይህን ይችለዋል። ግን ቀን በደንብ ሳይሞላ ነው የሚያድረው። ቀን ፓውዛው ያጎድላል፣ ሌሊት ቻርጀሩ ይቀንሳል። አንደኛውን ብቻ የመረመረ ሰው "ይህ ብቻውን አይገድላትም" ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም።

ፊውዙን የሚያቃጥለው ቦታ

አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽት ትዕግሥት ያስጨርሳል። ባለሞተሩን "ፊውዙ ሲቃጠል ምን እያደረግክ ነበር?" ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኩት። አስቦ አስቦ "ስዞር ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ግራ ስጠመዝዝ" አለ። በቂ ነበር።

የነዳጁን ሰልባትዮ አነሳን። የፓውዛውን ሽቦ ከሁለት በኩል ነቅለን፣ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን የሞተሯ ብረት ላይ አድርገን መሪውን ቀስ እያልን አዞርነው። ቀጥ ሲል ዝም። ወደ ቀኝ ዝም። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲደርስ ቴስተሩ ጮኸ፤ ሽቦው ብረቱን ነክቷል ማለት ነው።

ሽቦው የመሪው አንገት አጠገብ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። መሪው ወደ ግራ ሲሄድ የመሪው ማቆሚያ ብረት በቀጥታ ያርፍበታል። የላዩ ፕላስቲክ ተቀዶ ውስጡ ይታያል። ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። የተጋለጠውን ክር በምላጭ ፋቅ ሳደርገው ቀዩ ቀለም ተነሳና ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ኮረንቲ የማስተላለፍ አቅም አለው። ደጋግሞ ሲታጠፍም ቶሎ ይበጠሳል። መሪ አጠገብ የሚያልፍ ሽቦ ደግሞ ሥራው መታጠፍ ነው።

ከዚህ የባሰው ፊውዙ ነው። ፓውዛው የራሱ ፊውዝ አልተሰጠውም፤ ከክላክስና ከዳሽቦርድ መስመር ላይ በቆንጣጭ ማያያዣ ተጠልፏል። የቦታው ፊውዝ 10 አምፔር ነበር። አንዱ ጥገና ላይ "ደጋግሞ እንዳያስቸግርህ" ተብሎ 20 ገብቷል። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ፊውዝ ሲገባ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፤ ይህ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው በነዳጅ ሰልባትዮ ሥር ነው። ያ ቡናማ ሆኖ የቀለጠው የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። ፊውዝ ማሳደግ እንደ ጥገና መቆጠሩ ማብቃት አለበት።

የፍሬኑ እጀታ

ሊመሽ ሲል ሞተሯ ከግድግዳ ፊት ቆማ ነበር። ቁልፉን ስከፍት ግድግዳው ላይ ቀይ ብርሃን ጎልቶ አረፈ። ማንም ፍሬን አልያዘም። የፍሬን መብራቱ ግን በርቷል።

ያ ነው ያልተገኘው ጭነት። የፍሬን መብራት አምፖል 21 ዋት ነው፤ ያለማቋረጥ ሲበራ አንድ አምፔር ተኩል አካባቢ ይበላል። ፓውዛው ላይ ሲደመር ሒሳቡ ገጠመ። ከዚህም በላይ ከኋላ የሚመጣ ሹፌር ይህች ሞተር ፍሬን መያዟን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ምክንያቱ አዲሱ እጀታ ነው። ባለሞተሩ ኦሪጅናሉን ስላልጣለው አምጥቶ ጎን ለጎን አየናቸው። የአዲሱ ቅርጽ በሁለት ቦታ ይለያል። የፍሬን መብራቱን ማብሪያ የሚገፋው ክፍል አጥሯል፤ ማብሪያው የሚጠፋው የተለቀቀው እጀታ ሲገፋው ስለሆነ፣ አሁን እጀታው ቢለቀቅም አይጠፋም። የማስተሩን (እጀታው ሲያዝ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል) ፒስተን የሚነካው አፍንጫ ደግሞ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ረዝሟል።

ያቺ አንድ ሚሊሜትር ናት አደገኛዋ። በፍሬን ማስተር ውስጥ አንዲት በጣም ትንሽ ቀዳዳ አለች። እጀታው ሲለቀቅ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ያቺን ቀዳዳ ይከፍታል። የፍሬን ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሰፋው በዚያች ቀዳዳ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይመለሳል። እጀታው ፒስተኑን ትንሽ ገፋ አድርጎ ከያዘው ቀዳዳዋ እንደተዘጋች ትቀራለች። የሰፋው ዘይት መውጫ ሲያጣ ሸራውን ወደ ዲስኩ ይገፋል። ሸራው ሲፋተግ የበለጠ ይሞቃል፣ ሲሞቅ የበለጠ ይይዛል። መጨረሻው የፊት ጎማ በጉዞ ላይ መቆለፍ ሊሆን ይችላል።

ፈተናው ቀላል ነበር። ከአጭር ጉዞ በኋላ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተን በእጅ ስናዞረው ይይዛል። የእጀታውን ቡሎን ፈትተን እጀታውን ስናወጣው ጎማው ለቀቀ። "ከብዷታል፣ ነዳጅ ትጠጣለች" የተባለው ይህ ነው። ባለሞተሩ ይህን እንደ ዋና ችግር አላነሳውም፤ የመጣው ስለ ባትሪ ነበር።

የተደረገው

የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም ማውረድ ነበር። ሦስቱንም ዕቃ አንስተን፣ የተጠለፈውን መስመር አድሰን፣ 10 አምፔር ፊውዙን መልሰን ሞተሯን እንደ ተወለደች አደረግናት። እንደዚያ ሆና ባለሞተሩ ጥቂት ቀን ሠራባት። ምንም ችግር አልታየም። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ሞተሯ ራሷ ጤነኛ መሆኗን ሳላረጋግጥ ምንም መልሼ አልገጥምም።

ኦሪጅናሉ የፍሬን እጀታ ተመለሰ። ባለሞተሩ አዲሱን ወዶት ስለነበር አፍንጫው በሞረድ እንዲስተካከል ጠይቆ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የፍሬን ዕቃ በግምት አይሞረድም። አዲሱ የፍሪሲዮን እጀታ ግን ክፍተቱ ትክክል ስለነበር መልሶ ተገጠመ።

ለፓውዛው አዲስ የመዳብ ሽቦ ተሳበ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ፣ እዚያው አጠገብ በ5 አምፔር ፊውዝ አልፎ፣ በሪሌይ (በትንሽ ኮረንቲ ዋናውን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) በኩል ይሄዳል። ከሪሌዩ እግሮች 30 ቁጥሩ ከባትሪ፣ 87 ወደ ፓውዛው፣ 86 ከቁልፍ በኋላ ከሚመጣ መስመር በማብሪያ ማጥፊያ በኩል፣ 85 ወደ ኔጌቲቭ ገባ። ቁልፍ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። መሪው አጠገብ ሽቦው ላላ ተደርጎ ታሰረ፤ ከዳር እስከ ዳር አዙረን የሚወጠርም የሚቆነጠጥም እንደሌለ አየን። ቻርጀሩም በሌላ ተተካ፤ እሱም ቁልፍ ሲዘጋ ኮረንቲ እንዳያገኝ ተደርጎ የራሱ ትንሽ ፊውዝ ተሰጠው።

ባለሞተሩም ልማዱን ቀየረ። ፓውዛውን የሚያበራው ሲጨልም፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው በሌለበት ነው።

ከዚህ በኋላ ስንለካ ሌሊት የሚፈሰው 2 ሚሊአምፔር ነው። ሚኒሞ ላይ ፓውዛው በርቶም 12.9 ቮልት ይይዛል፤ ስትሄድ ከ14 አይጎድልም። ከእሑድ ቀጥሎ ያለው ጠዋትም ችግር መሆኑ ቀረ። ያው ሁለተኛው ባትሪ ነው እስካሁን የሚሠራው።

ያልሠራው

ከሁለቱ ፓውዛዎች አንዱ ውስጡ ጉም ይዞ ነበር። ላዩ ላይ አይፒ67 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ማለት አቧራ አያስገባም፣ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥም አይጎዳም ነው። ይኸኛው ግን በተራ እጥበት ውኃ ያስገባል። ከፍተን አድርቀን ጠርዙን በሲሊኮን አሸግነው። በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ጎመመ። ተጣለ፤ ለጊዜው በአንድ ይሠራል።

መጀመሪያ የገጠምነው ርካሽ ሪሌይም አልሆነም። ይጫናል፣ ድምፁም ይሰማል። ግን በ30ና በ87 መካከል ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ ይጠፋል፣ አካሉም ይግላል። ደህና ሪሌይ ላይ የሚጠፋው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሲቀየር ብርሃኑ ራሱ በዓይን የሚታይ ልዩነት አመጣ።

ከሻጮች ጋር የነበረው ውጤት የተለያየ ነው። የቻርጀሩ ሻጭ የቴስተሩን ንባብ ፎቶ ሲያይ ያለ ክርክር መለሰ። የእጀታው ሻጭ "ተገጥሞ ተጭሯል" ብሎ አልተቀበለም፤ ሁለቱን እጀታዎች ጎን ለጎን ያነሳነው ፎቶም አላሳመነውም። የፓውዛው ካርቶን ላይ የአምራች ስም የሚባል ነገር የለም። ኢ የምትል ፊደል በክብ ውስጥ ታትሞበታል፤ ነገር ግን ዕውቅናውን የሰጠውን አገር የሚያመለክተው ቁጥርም የማጽደቂያ ቁጥሩም የሉበትም። ያለ ቁጥሮቹ ምልክቱ ጌጥ ነው።

ለሌላ ሞተር የሚሆነው

አንድ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ የመጣ ብልሽት ካለ፣ አዲስ መለዋወጫ ከመግዛት በፊት የተጨመረውን ሁሉ ማውረድ ይቀድማል። ወጪ የለውም፤ ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈልገው። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ በየመሃሉ መለካት ነው። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን መልሶ የገጠመ ሰው ጥፋተኛውን ለይቶ አያውቅም።

የተገጠመ ዕቃ "ይሠራል" ማለት በቂ አይደለም። ቻርጀሩ ስልክ ይሞላ ነበር፣ ፓውዛው ይበራ ነበር፣ እጀታው ፍሬን ይይዝ ነበር። ሦስቱም ሥራቸውን ሲሠሩ ለሚያይ ሰው ደህና ናቸው። ጉዳታቸው የሚታየው ሥራ ላይ ባልሆኑበት ሰዓት ነው፤ ቁልፍ ሲዘጋ፣ መሪው ሲታጠፍ፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ። ስለዚህ ከገጠማ በኋላ መፈተሽ ያለበት ያ ሰዓት ነው። ቁልፍ ዘግቶ ፍሳሹን መለካት፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር፣ ፍሬኑን ለቆ ጎማውን በእጅ ማዞርና የኋላ መብራቱን ማየት።

የፍሬን እጀታ የሚቀይር ሰው አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውስ እወዳለሁ። እጀታውን በጣት ጫፍ ሲነኩት ፒስተኑን ከመግፋቱ በፊት ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። ያ ባዶ እንቅስቃሴ ከሌለ በዚያ እጀታ መንዳት አይገባም፤ ምንም ያህል ቢያምር። ኦሪጅናሉንም አትጣሉት። ጥፋቱ እዚህ በቀላሉ የተገኘው ማወዳደሪያ ስለነበረን ነው።

ግዢ ላይ ዋቱን አትመኑ፣ አምፔሩን ለኩ። የሽቦውን ጫፍ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ካርቶኑን፣ ደረሰኙንና ከመግጠማችሁ በፊት የተነሳ ፎቶ አስቀምጡ፤ ሻጭ ፊት ስትቀርቡ ከንግግር ይልቅ እነዚህ ይረዳሉ። ባለሞተሩ አሁን የሽቦውን መስመር፣ የፊውዞቹን መጠንና የለካናቸውን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ጽፎ በላስቲክ ጠቅልሎ ከኮርቻው ሥር ይዞ ይሄዳል፤ ነገ ሌላ ሠራተኛ ቢነካት ከዜሮ እንዳይጀምር።